የመኪና ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር ሲነፍስ ምን ያመለክታል?

የዛሬው ንግግራችን ስለ መኪና ማሞቂያ ነው ሲባል፣ «ይህስ የቅንጦት ነገር ነው፤ የበረደው ሰው ጋቢ ይደርብ» ብለው ያስቡ ይሆናል። እንዲህ ያለው አስተያየት በብዙ መሥሪያ ቤት የተለመደ ነው። ሾፌሩ የፍሬን ወይም የጎማ ጉድለት ሲያመለክት የጥገናው ቅጽ ወዲያው ይፈረማል፤ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር እንደሚነፍስ ሲያመለክት ግን ጉዳዩ ወደሚቀጥለው በጀት ይተላለፋል። ነገር ግን ማሞቂያው ሙቀቱን የሚያገኘው ሞተሩን ከሚያቀዘቅዘው ውኃ ስለ ሆነ፣ የእርሱ መብረድ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የተሳፋሪውን ምቾት መጓደል ብቻ ሳይሆን፣ የሞተሩ ውኃ መጉደሉን ወይም በሚገባ አለመዘዋወሩን ነው። ይህንን ምልክት በጊዜው የተረዳ ሰው ሞተሩን ያድናል፤ የናቀው ግን በመንገድ መካከል ቆሞ ሊቀር ይችላል።

ለምሳሌ ያህል ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘውን የመሥሪያ ቤት መኪና እንውሰድ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኙ የወይና ደጋ ከተሞች ናቸው። አየራቸው ለስላሳ በመሆኑ የምዕራብ ጎጃም ሾፌር የመኪናውን ማሞቂያ ለብዙ ወራት ሳይነካው ይከርማል፤ ጉድለቱም ሳይታወቅ ተደብቆ ይቆያል። መኪናው በማለዳ ተነሥቶ በደንበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ደጀን ሲዘልቅ ግን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይደርሳል። በዚያም በክረምት ጉምና ካፊያ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የማለዳ ውርጭ ይጠብቀዋል። የተሳፋሪዎቹ እስትንፋስ በቀዝቃዛው መስተዋት ላይ ወደ ውኃነት ተለውጦ ይለጠፍበታል። ማሞቂያው ሞቃት አየር ካልነፋበት በቀር ሾፌሩ በጨርቅ እየወለወለ፣ መንገዱንም በግማሽ እያየ ለመንዳት ይገደዳል። እንግዲህ የቅንጦት ነው የተባለው ዕቃ ከዚህ ላይ የሰው ሕይወት መጠበቂያ ሆኖ ይገኛል።

ከደጀን ቀጥሎ የሚመጣው የዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ባለው 40 ኪሎ ሜትር በሚያህል መንገድ መኪናው ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዶ፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግሮ፣ እንደ ገና ያንኑ ያህል ዳገት ይወጣል። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚሄደውም መንገድ እንዲሁ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። በወይና ደጋው ሜዳ ላይ ሳይታወቅ የቆየው የውኃ ጉድለት በሙቀቱና በዳገቱ ኃይል የሚገለጠው በእንዲህ ያለው ስፍራ ነው።

አሁን ማሞቂያው እንደ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ መኪናውን ለመግፋት የሚውለው ኃይል አንድ ሦስተኛው ያህል ነው። ሌላው አንድ ሦስተኛ በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረው አንድ ሦስተኛ ደግሞ ወደ ሞተሩ ብረት ይገባል። ይህ ሙቀት ካልተወገደ ብረቱ ይለጠጥና እርስ በርሱ ይያያዛል። ስለዚህ በሞተሩ አካል ውስጥ በተዘጋጀው መንገድ ውኃ ይዘዋወራል። ውኃውን የሚገፋው ፖምፓ ነው፤ ፖምፓውንም በብዙ መኪና የሚያዞረው ቺንጋ የተባለው የጎማ ቀበቶ ነው። ውኃው የተቀበለውን ሙቀት ይዞ ከፊት ወዳለው ራዲያተር ይሄዳል፤ በዚያም በነፋስ በርዶ ይመለሳል። በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ቴርሞስታት የተባለ ትንሽ በር አለ። በውስጡ ያለው ሰም በሙቀት ሲቀልጥ በሩ ይከፈታል፤ ሲረጋ ይዘጋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ ይከለክላል፤ ሙቀቱ እንደ መኪናው ዓይነት ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ሲደርስ ግን ይለቀዋል።

ከዚሁ ትኩስ ውኃ ጥቂቱ በአንድ ቀጭን የጎማ ቧንቧ ተከፍሎ፣ ከክሩስኮቱ በስተጀርባ ወደ ተቀመጠ ትንሽ ራዲያተር ይገባል፤ በሌላውም ቧንቧ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በኤሌክትሪክ የሚዞር ማራገቢያ አየር ሲነፋበት አየሩ ሞቆ ወደ ተሳፋሪው ይመጣል። የመቆጣጠሪያው እጀታ ከሰማያዊው ምልክት ወደ ቀዩ ሲዞር፣ በውስጥ ያለ አንድ መዝጊያ አየሩን በትንሹ ራዲያተር በኩል እንዲያልፍ ያደርገዋል፤ በአንዳንድ መኪና ደግሞ የውኃውን መንገድ ራሱን የሚከፍትና የሚዘጋ መክፈቻ አለ። ስለዚህ ሞቃት አየር እንዲወጣ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ ይኸውም ውኃው መሞቁ፣ የሞቀው ውኃ እስከ ትንሹ ራዲያተር መድረሱ፣ አየሩም በእርሱ በኩል ማለፉ ነው።

ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ጉድለት ያልሆነውን መለየት ይገባል። ሞተሩ በተነሣ በመጀመሪያዎቹ አምስትና ዐሥር ደቂቃዎች ቀዝቃዛ አየር ቢመጣ ውኃው ገና ስላልሞቀ ነው። የናፍጣ ሞተር መኪናው ቆሞ ሲሠራ ቶሎ አይሞቅም። በረጅም ቁልቁለትም ላይ የሚቃጠለው ነዳጅ ጥቂት ስለ ሆነ ማሞቂያው ለብ ሊል ይችላል። መኪናው ግማሽ ሰዓት ያህል በሜዳና በዳገት ከተጓዘ በኋላም አየሩ ካልሞቀ ግን ምክንያቱን መፈለግ ግዴታ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የውኃውን መጠን ማየት ነው። ይህም ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ይልቁንም ጠዋት ከመነሣት በፊት መደረግ አለበት። ትኩስ ራዲያተር ከቶ አይከፈትም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከፍታው 300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ግን መፍያው በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ውኃ በቡሬ በ93 ዲግሪ፣ በደጀን ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህም ቴርሞስታቱ ከሚከፈትበት ሙቀት ብዙ የራቀ አይደለም። ሞተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ በሞላው ኃይል ውኃውን አፍኖ ስለሚይዘው፣ አንድ ባር የሚያህል ግፊት የሚይዝ ደኅና ክዳን ካለ ውኃው በደጋው ላይ እንኳ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ በትኩሱ ሲከፈት ግን ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ውኃውም ወዲያው ወደ እንፋሎት ተለውጦ የከፈተውን ሰው ፊትና እጅ ያቃጥላል። የክዳኑ ጎማ የደረቀ ወይም ሞላው የላላ እንደ ሆነም፣ የደጋ አገር መኪና ከቆላው መኪና ቀድሞ ይፈላል። ክዳኑ ዋጋው ትንሽ ነው፤ በእርሱ የተነሣ የሚጠፋው ሞተር ግን ብዙ ገንዘብ ያስወጣል።

ውኃው ጎድሎ ከተገኘ የማሞቂያው ምሥጢር ተገለጠ ማለት ነው። ትንሹ ራዲያተር በብዙ መኪና ከፍ ብሎ የተቀመጠ በመሆኑ፣ ውኃ ሲጎድል ቀድሞ የሚደርቀው እርሱ ነው። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ገና ደኅና ነው እያለ ማሞቂያው አስቀድሞ የሚመሰክረው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ውኃ ሞልቶ መሄድ ብቻውን ጥገና አይደለም፤ ውኃው ወዴት እንደሄደ መታወቅ አለበት። ከመኪናው በታች እርጥበት ቢታይ ቧንቧው ወይም ፖምፓው ያፈሳል። በተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ቢርስ፣ ጣፋጭ ሽታ ቢሸት፣ መስተዋቱም ቅባት በመሰለ ጉም ቢሸፈን ትንሹ ራዲያተር ተበስቷል። ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ቢወጣ፣ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ቢመስል ደግሞ፣ በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ያለው ጋስኬት ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችል መኪናው ከመካኒክ ዘንድ ሳይደርስ ጉዞ መቀጠል የለበትም።

ስለሚጨመረው ውኃም አንድ ቃል እንጨምር። በክረምት ተምጫን የመሰሉ ወንዞች አፈር ተሸክመው ሲወርዱ፣ ከእነርሱ ቀድቶ ወደ ራዲያተር ማፍሰስ ጭቃ መጨመር ማለት ነው። ሌላ ከጠፋ ማንኛውም ውኃ ከባዶው ይሻላል፤ ነገር ግን ከተማ እንደ ተደረሰ ታጥቦ መለወጥ አለበት። ተገቢው መጠጫው በፋብሪካው መመሪያ መሠረት ከንጹሕ ውኃ ጋር የተቀላቀለ ኩላንት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ኩላንት ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፤ መፍያውንም በመጠኑ ከፍ ያደርጋል። ጣዕሙ ጣፋጭ ሆኖ እጅግ መርዛማ ስለ ሆነ ግን ሕፃናትና እንስሳት ከሚደርሱበት ስፍራ መደፋት አይገባውም።

ውኃው ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ሁለተኛው ምርመራ የሙቀት መለኪያውን ማንበብ ነው። መኪናው ግማሽ ሰዓት ከተጓዘ በኋላ መርፌው ከታች ከቀረ ሞተሩ ራሱ አልሞቀም፤ የዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ መቅረቱ ወይም ጨርሶ አለመኖሩ ነው። መርፌው በመካከል ቆሞ አየሩ ከቀዘቀዘ ጉድለቱ ከማሞቂያው ቧንቧ፣ ከትንሹ ራዲያተር ወይም ከአየሩ መዝጊያ ነው። መርፌው ወደ ቀዩ ወጥቶ ማሞቂያው ቀዝቃዛ ከነፈሰ ግን ይህ ከሁሉ የከፋው ምልክት ነው፤ ውኃው ጠፍቷል ወይም መዘዋወሩን አቁሟል ማለት ስለ ሆነ መኪናው በዚያው ቅጽበት ይቁም፤ ሞተሩም ይጥፋ።

ከዚህ ላይ ስለ ቴርሞስታት የተለመደ አንድ ስሕተት ማንሣት ያስፈልጋል። በብዙ ጋራዥ «ሞተሩ እንዳይሞቅ» በማለት ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል ልማድ ሆኗል። ይህ ግን በሽታውን ትቶ ምልክቱን መደበቅ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደጋው ብርድ ከተገቢው ሙቀት ላይ አይደርስም፤ ነዳጅ ይፈጃል፤ ዘይቱም እርጥበቱን ስለማያወጣ ይቆሽሻል፤ ማሞቂያውም ለብ ያለ አየር ብቻ ይነፍሳል። ቴርሞስታቱ መሥራቱን ለማወቅ በድስት ውኃ ውስጥ አንጠልጥሎ ማፍላት ይበቃል። በላዩ 82 ዲግሪ የተጻፈበት እንደ ሆነ፣ ውኃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት መጀመር አለበት። ሆኖም ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከዚያ ዐሥር ዲግሪ ያህል ከፍ ሲል ስለ ሆነ፣ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ በሚፈላው በደብረ ማርቆስ ወይም በቡሬ ውኃ ውስጥ ጨርሶ ባይከፈት ተበላሽቷል ብለው አይፍረዱበት።

ሦስተኛው ምርመራ በእጅ የሚደረግ ነው። ሞተሩን ካሞቁና የማሞቂያውን እጀታ ወደ ቀዩ ካዞሩ በኋላ ሞተሩን አጥፍተው ኮፈኑን ይክፈቱ። ወደ ክሩስኮቱ የሚገቡትን ሁለቱን ቀጫጭን ቧንቧዎች በጨርቅ እየተጠነቀቁ ይዳስሱ፤ እጅዎን ግን ከማራገቢያው ያርቁ፤ በኤሌክትሪክ የሚዞረው ማራገቢያ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሣ ይችላልና። ሁለቱም ቧንቧዎች ትኩስ ከሆኑ ውኃው ደርሷል፤ ጉድለቱ የአየሩ መዝጊያ ነው። እንዲህ ሲሆን እጀታውን ከመዝጊያው ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ወልቆ ወይም ተበጥሶ ይሆናል፤ በአዳዲሶቹ መኪናዎች ደግሞ መዝጊያውን የሚያዞረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ሊበላሽ ይችላል። ይህ ጉድለት ሞተሩን አይጎዳውም፤ ለመስተዋቱ ጉም ሲባል ግን መጠገን አለበት።

አንዱ ቧንቧ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ መክፈቻው አልተከፈተም ወይም ትንሹ ራዲያተር በዝገትና በአፈር ተደፍኗል። የተደፈነው ቧንቧዎቹ ተፈተው፣ ኃይሉ ቀለል ባለ ውኃ አንድ ጊዜ በመግቢያው፣ አንድ ጊዜ በመውጫው በኩል እየተደጋገመ ሲታጠብ ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ኃይለኛ ግፊት ያለው ውኃ ግን ስስ ብረቱን ይበሳዋል። ሁለቱም ቧንቧዎች ቀዝቃዛ ከሆኑ ደግሞ ውኃው ፈጽሞ አልደረሰም፤ ምክንያቱም የፖምፓው መድከም ወይም በመንገዱ መካከል የታሰረ አየር ሊሆን ይችላል።

የታሰረ አየር የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ራዲያተሩ ከተለወጠ ወይም ውኃው ከተቀየረ በኋላ ነው። አየር ቀላል ስለ ሆነ ወደ ከፍተኛው ስፍራ ይወጣና ውኃውን ይከለክላል። መድኃኒቱም ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገቱ እንዲሆን አድርገው ያቁሙ፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ ከጎማውም ሥር ድንጋይ ያድርጉ። ክዳኑን ከፍተው፣ እጀታውን ወደ ቀዩ አዙረው ሞተሩን ያስነሡ፤ አረፋው እስኪያቆም ድረስ ውኃ እየጨመሩ ይጠብቁ፤ ከዚያም ክዳኑን ይግጠሙ። በጎጃም መንገድ ለዚህ የሚሆን ዳገት አይታጣም። አየር ማስወጫ ብሎን ለተሠራላቸው መኪናዎች ግን የፋብሪካውን መመሪያ መከተል ይበልጣል። አየሩ ከወጣ በኋላ በጥቂት ቀን ተመልሶ ከገባ፣ ከአንድ ስፍራ የሚያፈስ ወይም ከተቃጠለ ጋስኬት የሚገባ ጋዝ አለ ማለት ነው።

ያገለገለ መኪና ለሚገዙ አንባብያንም የሚጠቅም ምክር አለ። ትንሹ ራዲያተር ሲበሳ፣ እርሱን ለመለወጥ ክሩስኮቱን መፍታት አድካሚ ስለ ሆነ፣ አንዳንድ ጠጋኞች ሁለቱን ቧንቧዎች በሞተሩ በኩል እርስ በርሳቸው አገናኝተው ይተዉታል። ይህ በመንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው መልካም ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ጊዜያዊው ዘላቂ ሆኖ ሲቀር ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ቀዝቃዛ ይነፍሳል። ስለዚህ መኪና ሲገዙ ሞተሩን አሙቀው ማሞቂያውን መፈተንን አይርሱ።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ወደ ዓባይ ዳገት እንመለስ። በዳገቱ ላይ የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር፣ የበረሃው ሙቀት ቢያስጨንቅም መስኮቱን ከፍቶ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ቀይ ድረስ መክፈት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ትንሹ ራዲያተር ትልቁን ያግዘዋልና። በዚህ ጊዜ የሚመጣው አየር እንደ እሳት ከፋመ ውኃው አለ ማለት ነው፤ ማርሽ ቀንሶ፣ ፍጥነት አብርዶ፣ ከተቻለም ዳር ይዞ ሞተሩን ማሳረፍ ይቻላል። የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ከሆነ ግን ቀጣዩን መታጠፊያ እንኳ መጠበቅ አይገባም፤ ሞተሩ ወዲያው ጠፍቶ፣ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ድረስ ክዳኑ ሳይነካ መቆየት አለበት። ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ብረት ላይ ማፍሰስም ቴስታታውን ይሰነጥቀዋል። በዚያ ዳገት ላይ ማሞቂያ ከመለኪያው የበለጠ የታመነ ምስክር የሚሆንበት ምክንያት አለ፤ ውኃው ፈጽሞ ሲጎድል የመለኪያው ጫፍ ከውኃው ወጥቶ በባዶ ስለሚቀር፣ ሞተሩ እየነደደ መርፌው ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላልና።

ከላይ የተነገረው በውኃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የሚታየው አሮጌው ቮልስ ግን ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለ ሆነ ራዲያተር የለውም፤ ማሞቂያው አየሩን የሚያሞቀው በጭስ መውጫው ዙሪያ አሳልፎ ነው። እርሱ ሲቀዘቅዝ የአየሩ መዝጊያና ሽቦው ይመረመራሉ፤ የጭስ ሽታ ቢሸት ግን የማይታይ መርዘኛ ጋዝ ሊገባ ስለሚችል ማሞቂያው ተዘግቶ መስኮቱ ይከፈት። እንዲሁም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እየበዙ በመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ሙቀት የሚሰጥ የነዳጅ ሞተር የለም፤ ማሞቂያቸው ኃይሉን የሚወስደው ከባትሪው ነው። ስለዚህ በእነርሱ ቀዝቃዛ አየር የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ማሞቂያው በተከፈተ ቁጥርም መኪናው የሚሄድበት ርቀት ማጠሩን ተጓዡ አስቀድሞ ማስላት አለበት።

እንግዲህ የስምሪት ኃላፊ፣ የጥገና ቅጽ ፈራሚ ወይም ለመስክ ሥራ የሚሳፈር ባልደረባ የሆኑ አንባቢ፣ ሾፌሩ «ማሞቂያው አይሞቅም» ሲልዎ ስለ ብርዱ ከመናገርዎ በፊት «ውኃውን ጠዋት አይተኸዋል? መርፌው የት ላይ ቆመ?» ብለው ይጠይቁት። የበጀቱ ዓመት የሚከፈተው በሐምሌ፣ ጉምና ዝናብ በበረታበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ምርመራው ከዚያ ቀድሞ፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሳይወጣ ሊፈጸም ይገባል። ሩብ ሰዓት የማይፈጀው ይህ ሥራ የሚጠይቀው ቀዝቃዛ ሞተር፣ ጨርቅ የያዘ እጅና የሚያስተውል ዓይን ብቻ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለጎጆና ለአዝመራ ቢሆንም፣ ከደጀን ወደ በረሃው ለሚወርድ ሞተርም የሚበጀው ይኸው ምክር ነው።